ካርታው ያሳጠረው መንገድ

አባቷ ለስምንት ሰዓቱ ቀጠሮ የለበሱትን ኮት አሥር ሰዓት ላይ አወለቁት። የወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠለጠሉት፣ እጅጌዎቹን አስተካከሉ፣ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ፣ "ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩት። አውሮፕላን ቢሆን ነዳጁ አልቆ ነበር" አሉ።

ልጃቸው መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። አፏ ላይ የደረሰውን ነገር መልሳ ዋጠችው። ከጠዋት ጀምሮ ስትውጥ ውላለች።

ነግራቸዋለች እኮ። ማክሰኞ ነግራቸዋለች፣ ረቡዕ ነግራቸዋለች፣ ዛሬ ዓርብ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ፎጣ ይዛ ቆማ ነግራቸዋለች። አውቶቡሱ ከዚያኛው ከተማ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል፣ እዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይገባል። አሥራ አራት ሰዓት ነው። የምትወደው ሰው የሚመጣው በዚያ አውቶቡስ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ሊደርስ አይችልም።

ግን ለማን ይነገራል! አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የአየር ማረፊያው ማማ ላይ ተቀምጠው አውሮፕላን ሲያሳርፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ትልቁን የበረራ ካርታ ይዘው ወጡና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሰኞ ማታ ማስመሪያ አምጥተው ከከተማ ከተማ ለኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር። "አውሮፕላን በአርባ አምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። አውቶቡስ በሰዓት ሃምሳ ቢሄድ ስድስት ሰዓት ከሩብ። ለምሳው፣ ለጎማው፣ ለስንፍናውም ጨምሬለታለሁ። ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ይምጣ፤ አንድ ጊዜ እሰማዋለሁ። ሁለተኛ ቀጠሮ የለም" አሉ።

መንገዱ እንዲያ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ተራራ ይዞራል፣ ገደል ይወርዳል ብትላቸው፣ ሹፌር መንገድ ማስረዘም ልማዱ ነው ብለው መነጽራቸውን ወደ ማህደሩ መለሱት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው።

ቀላል ነገር ቢሆን ስቃ ባለፈችው። ግን ያለ አባቷ ቃል ከዚህ ቤት ወጥታ አታገባም። ፈርታ አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚጠሩት የእሷን ስም ነበር፤ ያንን ድምፅ አስቀይማ የምትመሠርተው ትዳር አይዋጥላትም። ስለዚህ የዛሬዋ ቀን ሁሉ ነገሯ ነበረች። አባቷ ይህን እያወቁ በማስመሪያ ጨረሷት።

ደግሞ ስም አውጥተውለታል። "ግማሹ" ይሉታል። "ግማሹ ጻፈልሽ? ግማሹ ደህና ነው?" እናቷ እንኳ ይህን ሲሰሙ ወደ ጓዳ ሄደው ይስቃሉ።

የስሙ ነገር እንዲህ ነው። እሷ የአየር መንገዱ ቢሮ ውስጥ ትኬት ትሸጣለች። ከዓመት ከሁለት ወር በፊት ከተማውን ጉም ሸፈነውና አውሮፕላን መነሳት አቃተው። ቢሮው መንገደኞቹን በአውቶቡስ ሲልክ አብራ የምትሄድ ሠራተኛ ጠፍታ እሷ ተላከች። እስከዚያ ቀን ያንን ከተማ የምታውቀው በአርባ አምስት ደቂቃ ነበር። ሰባት ሰዓት ተጉዘው አንድ ትልቅ ድልድይ ጋ ደረሱ። ከዚያኛው ከተማ የመጣው አውቶቡስ ማዶ ቆሟል። የዚህ መስመር አሠራር ሁለቱ አውቶቡሶች እኩለ ቀን ላይ ድልድዩ ጋ ይገናኛሉ፤ መንገደኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ሹፌሮቹ ብቻ ይለዋወጡና እያንዳንዱ የሌላውን አውቶቡስ ይዞ ወደ ገዛ ከተማው ይመለሳል። ከዚህ ያመጧቸው ሽማግሌ ሹፌር፣ ቀስ ብለው ስለሚነዱ ጋሽ ዝግታ የሚባሉት፣ ወረዱ። በእሳቸው ቦታ አንድ ረጅም ወጣት አንገቱን ደፍቶ፣ ማንንም ሳያይ ገባ።

እሷ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። ለሁለት ሰዓት ያህል የተናገረው አንድ ቃል ነው፤ መስኮቱን እያሳየ "ልዝጋው?" አላት። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው። ደግሞ ተጋጩ፤ አሁን የሰበረችው እሷ ናት። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከድልድዩ ወዲያ ምን እንዳለ ጠየቃት። አራት ዓመት በዚህ መስመር ሲነዳ አንድም ቀን ተሻግሮ እንደማያውቅ ሲነግራት ሳቀች። ስትስቅ አፈረ። እሱ ሲያፍር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እሷም አፈረች።

ከዚያ ወዲህ በደብዳቤ ኖሩ። ፖስታ ቤት አላስፈለጋቸውም። ጋሽ ዝግታ የእሷን በደረት ኪሳቸው ይዘው ድልድዩ ጋ ያስረክባሉ፣ የእሱን ተቀብለው ይመለሳሉ። "የኔ ልጅ፣ የእኔ ሥራ ሰው ማመላለስ ነበር፤ እናንተ ልብ አስጫናችሁኝ" ይሏታል።

እሷ በሠራተኛ ትኬት ሦስት ጊዜ በርራ አይታዋለች። እሱ ግን አንድም ቀን አልመጣም። ቀን አሳልፎ ነው የሚነዳው፤ የዕረፍቱ አንድ ቀን ለመምጫ ትበቃለች እንጂ ለመመለሻ አትተርፍም። አውሮፕላኑ ደግሞ ለሹፌር የሚቀመስ አይደለም። የሠራተኛው ትኬት ለቤተሰብ ይሰጣል፤ ባሏ ቢሆን ይሰጠው ነበር። ባሏ ለመሆን ግን መጀመሪያ መጥቶ አባቷን ማነጋገር አለበት። ይህን ደንብ ለአለቃዋ ስትነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። አርባ አምስት ደቂቃዋን ለማንም አላፊ አግዳሚ ስትሸጥ ውላ፣ የራሷ ሰው በዚያው ሰማይ ሥር ግማሽ መንገድ እየመጣ ይመለሳል።

ለዚህ ዓርብ ግን ተሳካለት። ከድልድዩ አውቶቡሱን የሚመልስለት ጓደኛ አግኝቶ፣ ቅዳሜ ንጋት ተመላሽ ሆኖ፣ "እሻገራለሁ" ብሎ ጻፈላት። ደብዳቤው ላይ ሌላ ቃል አልነበረም። እሷም የአባቷን የስምንት ሰዓት ነገር አልጻፈችለትም። ምን ብላ ትጽፋለች? አባቴ መንገድህን አያምኑም ብላ?

አሁን አባቷ ስልኩን አነሱ። የዚያኛውን ከተማ የአውቶቡስ መሥሪያ ቤት አስጠሩ፣ የሹፌሩን ተራ ነገሩ፣ አዳመጡ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የእጀታውን አፍ በእጃቸው ሸፍነው ወደ እሷ ዞሩ።

"ከድልድዩ ተመልሷል" አሉ። "እንደ ወትሮው አውቶቡሱን ተረክቦ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።"

ተሳስተው ነው አለች። አልተከራከሯትም፤ እጀታውን ሰጧት። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ የሥራ ጥድፊያ የያዘው ሰው ነው። መዝገቡ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ ስሙ እንደተጻፈ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ከድልድዩ እንደተነሳ፣ አንድ ሰዓት ላይ እንደሚገባ አነበበላት። መልእክት እንዳላት ጠየቃት።

"የለኝም" አለች።

አባቷ ይፎክራሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጄ፣ መምጣት ላልፈለገ ሰው መንገድ ሁልጊዜ ይረዝማል" አሏት። ፉከራው ይሻላት ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይባላል፤ በለስላሳ እጅ ሲሰዱበት ደግሞ የበለጠ እንደሚያም ያን ጊዜ አወቀች።

*

መናኸሪያው ውስጥ የነዳጅና የእርጥብ አቧራ ሽታ አለ። ተሸካሚዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው የሚመጣውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ። እሷ ደብዳቤዎቹን በሻሽ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ የጻፈላት አንድም ሳይቀር እዚህ ውስጥ አለ። ለጋሽ ዝግታ ልትሰጣቸው ነው፤ ባመጡበት እጅ ይመልሱለት።

መንገድ ላይ ስትመጣ የምትለውን ሁሉ አዘጋጅታለች። አንቺ በር ላይ ቆመሽ ስትሟገቺለት፣ ከገዛ አባትሽ ጋር ስትጣዪለት፣ እሱ ሰውዬው እንደ ወትሮው መሪውን አዙሮ እራቱ ጋ! ስም ማውጣት ያውቁበታል አባቷ። ግማሹ። ልቡም ግማሽ፣ ቃሉም ግማሽ። ይህን ለራሷ ስትል ዓይኗ ሞላ፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደዳት።

አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ገባ። ጋሽ ዝግታ በሹፌሩ በር እያንዳንዷን ደረጃ እያሰቡ ወረዱ። ጥቅሉን ዘረጋችላቸው።

"ጋሼ፣ እሑድ ሲሄዱ ይህን ድልድዩ ጋ ያስረክቡልኝ። ምንም አይበሉት።"

ሽማግሌው ጥቅሉን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ከዚያ በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ አዩ። "ራስሽ አስረክቢዋ" አሉ። "እኔ ከዛሬ ጀምሮ ከደብዳቤ ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ።"

በመንገደኛው በር የመጨረሻው ሰው እየወረደ ነበር። ጥቁር ሱፉ ከጉልበቱ በታች በአቧራ ነጥቷል። ሲነሳ የተላጨው ፊቱ ደክሟል። ያያት ጊዜ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ እጇ ወረደ። ከሻሹ ጫፍ የራሱ የእጅ ጽሕፈት ይታያል። ፈገግታው ከአፉ ሳይወርድ ዓይኑ ውስጥ ጠፋ።

"የእኔ ናቸው" አለ።

"ተመልሷል አሉኝ።"

"ማን አለ?"

"መሥሪያ ቤትህ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ስምህን አንብቦልኛል።"

ሹፌሩ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ተተኪ ሹፌር ሁልጊዜ በባለተራው ስም እንደሚነዳ፣ ወረቀቱ እንደማይለወጥ፣ በመዝገቡ ላይ እሱ ዛሬም እንደ ዘወትሩ ከድልድዩ እንደተመለሰ ቀስ ብሎ አስረዳት። ሲያስረዳ ድምፁ አልተነሳም። የተነሳው ካስረዳት በኋላ ነው።

"ዓመት ከሁለት ወር ጻፍኩልሽ" አለ። "ላብ በላብ በሆነ እጄ፣ ፊደል እንዳልስት እየፈራሁ፣ አንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ እየገለበጥኩ። አንድ ጸሐፊ በአንድ ደቂቃ ስልክ አስጣለሽ?"

የስምንት ሰዓቱን ነገር ነገረችው፤ ካርታውን፣ ማስመሪያውን፣ ለስንፍናው የተጨመረለትን ሰዓት፣ የወለቀውን ኮት። እየሰማት ጆሮው ቀላ።

"ስምንት ሰዓት?" አለ። "በምን? ስምንት ሰዓት ላይ ገና ገደሉን እየወጣን ነበር። ሰው ወርዶ ከመንገዱ ላይ ድንጋይ ያነሳ ነበር፤ እኔም በዚህ ሱፍ ወርጄ አነሳሁ።" ቦርሳውን መልሶ አነሳ። "ይቅር። ሁለተኛ ቀጠሮ የለም ካሉ የለም። ያለፈኝን ነገር ደግሜ አልለምንም። እዚሁ አድሬ ንጋት ላይ እመለሳለሁ።"

እዚህ ላይ ነው የገነፈለችው። ቀን ሙሉ የዋጠችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። "አሥራ አራት ሰዓት መጥተህ አሥር ደቂቃ ሲቀርህ ልትመለስ? እንግዲያው አባቴ ያወጣልህ ስም ልክህ ነው!"

ተሸካሚዎቹ ዘወር አሉ። ጋሽ ዝግታ ጎማ የሚያዩ መስለው ጎንበስ አሉ። ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ ጥቅሉን ከእጇ ወሰደ፣ የላላውን ሻሽ አጥብቆ አሰረና መልሶ ሰጣት። ከዚያ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት።

*

በሩን የከፈቱት እናቷ ናቸው። ሹፌሩን ከእግር እስከ ራሱ አይተው፣ "ወይ ልጄ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ለብሰኸው መጣህ?" አሉና አቧራውን በገዛ እጃቸው አራገፉለት። አባቷ ከወንበራቸው አልተነሱም። ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው፣ ተመልሷል የተባለውን ሰው አዩና፣ ቀጠሮው ስምንት ሰዓት እንደነበር ተናገሩ። እናቷ ወንበር ሲስቡለት፣ አባቷ መቀመጥ አያስፈልግም አሉ።

ሹፌሩ ቆመ። በመንገድ ላይ ያጠናው ንግግር ነበረው፤ ፈልጎ ሲያጣው በፊቱ ላይ ታየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቃል ግን አልወጣም። እሷ ያንን ከንፈር ስታይ ሌላው ነገር ሁሉ ከፊቷ ጠፋ።

"አባዬ፣ ያንተ ካርታ ላይ ተራራ የለም" አለች። "ስድስት መቶ አራት ኪሎ ሜትር ነው። እኔ ሄጄበታለሁ። ሰው የሚያስመልስ መንገድ ነው፣ ሕፃን የሚያስለቅስ መንገድ ነው፤ ማስመሪያ ገደል አይወርድም። ማክሰኞ ነገርኩህ፣ ረቡዕ ነገርኩህ። ለአውሮፕላን ነፋሱን ትጠይቃለህ፣ ደመናውን ትጠይቃለህ፤ ለሰው ግን አንድ ጥያቄ አልጠየቅክም።"

"ድምፅሽን" አሉ አባቷ።

"ድምፄን ቀን ሙሉ ዝቅ አድርጌው ዋልኩ። አንተ ያንን መንገድ በመሬት ሄደህበት አታውቅም። በአየርም ሄደህበት አታውቅም።"

"ተይ" አሉ እናቷ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን አውሮፕላን ስታሳርፍ አንድ ቀን ተሳፍረህ አታውቅም። ስለምትፈራ!"

ይህንን ከሦስቱ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የማማው ሰው፣ ጓደኞቻቸው የሰማዩ ጌታ የሚሏቸው ሰው፣ ከመሬት መነሳትን እንደሚፈሩ በዚህ ቤት ተነግሮ አያውቅም፤ ይታወቃል እንጂ። አሁን ደግሞ በእንግዳ ፊት ተነገረ። ቃሉ ከአፏ በወጣበት ቅጽበት መልሳ ልትይዘው ፈለገች። ሹፌሩ ያልሰማ ለመምሰል ወለሉን ያያል፤ በዚህ ደግነቱ ልትወደውም ልትመታውም ፈለገች።

አባቷ ጋዜጣውን አጠፉት። እንደገና አጠፉት። ሲናገሩ ወደ እሷ አላዩም።

"ስድስት መቶ አራት?" ብለው ሹፌሩን ጠየቁ።

"አዎ አባባ። ካልዘነበ አሥራ አራት ሰዓት።"

"ከዘነበስ?"

"ከዘነበ እግዜር ያውቃል።"

አባቷ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ነገ ንጋት ተመላሽ ነህ ብላኛለች። ለአንድ ምሽት ይህን ሁሉ ለምን መጣህ?"

ሹፌሩ ቦርሳውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። "ዓመት ከሁለት ወር ግማሽ መንገድ እየመጣሁ ስመለስ ኖርኩ" አለ። "ምን እንደምላችሁ አጥንቼ ነበር፤ ጠፋብኝ። አንድ ቀን እንኳ መድረስ አማረኝ።"

አባቷ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ዞረ፤ በዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ፈለገች፣ አጣች። ድምፃቸው ማታ ማታ ከበር ሆነው ሲጠሯት እንደነበረው ያለ ድምፅ ነበር።

"ካገባሽው እዚያ ነው የምትኖሪው" አሉ። "አንቺን ለማየት አሥራ አራት ሰዓት ሊሆንብኝ ነው።"

ሳምንቱን ሙሉ ስትሟገት አንድም ጊዜ ይህን አላሰበችም። እሷ መንገዱ ረጅም ነው ስትል ለሹፌሩ የምትሟገት መስሏት ነበር፤ እሳቸው የሰሙት ሌላ ነው። ለካ ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ጋር ሙጭጭ ያሉት ለራሳቸው ነበር። መዋሸት አትችልም፤ በአርባ አምስት ደቂቃ ትመጣለህ ልትላቸው አትችልም።

"አዎ አባዬ" አለች። "አሥራ አራት ሰዓት ነው።"

እናቷ በመቀነታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አባቷ ለእንግዳው ወንበሩን በእጃቸው አሳዩት፤ እሱም ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

"አውቶቡስህ ላይ" አሉ አባቷ፣ "የማያንገላታው ወንበር የትኛው ነው?"

"ከሹፌሩ ኋላ ያለው ነው አባባ። በመስኮት በኩል። እኔ እስካለሁ የእርስዎ ነው።"

"ከድልድዩ ወዲህ አንተ አይደለህም የምትነዳው።"

"ጋሽ ዝግታ ናቸው።"

"ቀስ ብለው ነው የሚነዱት?"

"በጣም።"

"ጥሩ" አሉ አባቷ፤ ወንበራቸውንም ወደ እንግዳው ጠጋ አደረጉ። ሁለቱ ስለ ገደሉ ያወሩ ጀመር። ስንት መታጠፊያ አለው፣ አጥሩ ጠንካራ ነው ወይ፣ መሃል ላይ ሰው የሚያርፍበት ጥላ አለ ወይ። አንዱ በፍርሃት ይጠይቃል፣ ሌላው በእፍረት ይመልሳል፤ እሷን ማንም ዘወር ብሎ አላያትም፣ ማንም አልጠየቃትም፤ የእሷን ቀሪ ዕድሜ በእሷ ፊት በኪሎ ሜትር ይከፋፈሉታል።

በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ገና ተናዳለች። በአባቷ ተናዳለች፣ በጸሐፊው ተናዳለች፣ ሊመለስ በነበረው በዚህ ዓይነ አፋር ተናዳለች፣ በማማው ምስጢር ላይ አፏን በከፈተችው በራሷም ተናዳለች። ንዴቱ እንዲወርድላት ግን አልፈለገችም፤ ትንሽ ይቆይ ብላ በሁለት እጇ እንደያዘችው ያህል ቆመች። ንዴቱ ከወረደ እንባዋ ተከትሎት እንደሚወርድ ታውቃለች፤ በሁለቱ ፊት፣ እንደዚህ ደስ ብሏት፣ ልታለቅስ አትፈልግም።